ማይክሮፎን የሌለበት ምስክርነት

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሰው እምነቱን አይናገርም ብሎ የሚያማን የለም። የምንታማውስ በመብዛቱ ነው። እሑድ ጠዋት መዘምራን ከመድረክ ወርደው ስብከቱ ከመጀመሩ በፊት «ምስክርነት ያለው ሰው አለ?» ሲባል እጁን የሚያወጣ አይጠፋም። ማይክሮፎኑ ይሰጠዋል። «ጌታ ይባረክ» ይላል፤ ጉባኤው «አሜን» ይላል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ መንገዱን ያውቀዋል። ችግር መጣ፤ ሐኪም ተስፋ ቆረጠ ወይም ኤምባሲው ከለከለ፤ ተጾመ፤ ተጸለየ፤ ሆነ። «ለእኔ ያደረገ ጌታ ለእናንተም ያደርጋል» ተብሎ ማይክሮፎኑ ይመለሳል። እልልታው ይከተላል።

ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። በሕይወቴ ካጽናኑኝ ቃላት ብዙዎቹን የሰማሁት እንደዚህ ካሉ ምስክርነቶች ነው፤ ጉልበት የሰጡኝ ሰዎች ስም ቢጠራ ገጹ አይበቃም። ነገር ግን በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከመስካሪው ሁለት ሰው አልፎ፣ ያው ኤምባሲ የከለከለው ሌላ ወንድም ተቀምጧል። እርሱም ጾሟል። እምነቱም ከመስካሪው ላያንስ ይችላል። ታሪኩ ግን «ሆነ» የሚባልበት ቦታ ላይ ስላልደረሰ ማይክሮፎን አይደርሰውም። «አሜን» ብሎ ያጨበጭባል፤ ወደ ቤቱም ይሄዳል። የቪዛ ምስክርነት በሰማሁ ቁጥር ዐይኔ እርሱን ይፈልጋል።

የማስተምረው ከዋናው አምልኮ በፊት የሚካሄደውን የአዋቂዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ነው። ክፍሉ ቀን ቀን የሕፃናት መዋያ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የኖኅ መርከብና የፊደል ገበታ ተለጥፏል፤ ወንበሮቹ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የትልቅ ሰው ናቸው። የሚመጡት ሰዎች የተደባለቁ ናቸው፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጉልት የሚቸረችሩ እናት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች። በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ስለ ራሱ እምነት እንዲናገር መጋበዝ የትምህርቱ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ማናገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ቀላል ነው። ጭንቁ ያላለቀውን ነገር ማናገር ነው።

ማይክሮፎን ያልነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሙሉ ወንጌል አማኞች ገና በንጉሡ ጊዜ ፈቃድ ተከልክለው ታስረዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተያዙት በአዲስ አበባ የኡራኤል መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን አገልግሎታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አልተመለሱም። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ፤ ምእመኑ በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍሎ በየቤቱ ገባ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወድቆ በሩ ሲከፈት ግን ከየቤቱ የወጣው 34,000 ያህል ሰው ነበር። ይህን ቁጥር ብዙ ሰባኪ እንደ ድል ዜና ይጠቅሰዋል፤ ድልም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ይባባሉ እንደ ነበር ነው።

ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት የክፍላችን ተማሪ ያኔ በቤታቸው ሰው ይሰበስቡ ነበር። ጀበናው ይጣዳል፤ ረከቦቱ ይዘረጋል፤ ጎረቤት ድንገት ቢገባ ነገሩ ቡና ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። «ያን ጊዜ ምስክርነት አጭር ነበር» ይላሉ እማማ። «‹በዚህ ሳምንት አልካድኩም› ያለ ሰው መሰከረ ማለት ነው። ‹ቀበሌ ጠርተውኝ ፈርቼ ዝም አልኩ› የሚልም ነበር። ማንም አይቆጣውም፤ ይጸለይለታል፤ ቡናው ይቀዳል።»

ከዚያ ወዲህ ቁጥራችን በዛ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ሆነው ተመዝግበዋል። አዳራሹ ሲሰፋ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል፤ ድምፅ ማጉያ ሲመጣ ደግሞ ቃሉ ራሱ ይለወጣል። «ፈርቼ ዝም አልኩ» የሚለውን ለጥቂት ሰዎች ቡና እየጠጣ የሚናገር ሰው በሺህ ሕዝብ ፊት ቆሞ አይደግመውም። ለሺህ ሕዝብ የሚነገረው ያለቀለት ነገር ነው። የአዋቂዎች ክፍል ለእኔ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ስፋቱ የሳሎን ያህል ስለሆነ የሳሎን ቃል ሊነገርበት ይችላል።

ሌላም የሚያናግረን ወይም ዝም የሚያሰኘን ነገር አለ፤ እርሱን ለመረዳት ወደ አያቶቻችን ቤት መመለስ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው የወጣነው፤ እኔም እንደዚሁ። አያቴ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ያውቁ ነበር። ረቡዕንና ዓርብን ጾመው፣ ሌሊት ተነሥተው ሰግደው፣ ጠዋት ላይ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆነው እሳት ያቀጣጥላሉ። ስለ ጸሎታቸው ቢጠየቁ «ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል፤ እርሱ ያየዋል» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። በልጅነቴ ይህን ዝምታ እምነት እንደ መደበቅ አየው ነበር። አሁን ስመለከተው ግን በዚያ ቤት ለእያንዳንዱ ነገር የሚነገርበት ቦታ ነበረው። ኃጢአቱ ለንስሐ አባት ይነገራል። ምስጋናው በጽዋ ማኅበር ይወጣል። ስለቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ድረስ ተጉዞ ይገባል፤ «ልጅ ስጠኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ሰጠኝ» ተብሎ በአደባባይ ይነገራል። የቀረው በሆድ ይያዛል። እኛ ግን ኃጢአቱንም ምስጋናውንም ስለቱንም አንድ ማይክሮፎን ላይ ጫንነው።

የገመና ነገርም አለ። አንዲት እህት ተነሥታ «ጌታ ባለቤቴን ከመጠጥ አውጥቶልኛል» ብትል ጉባኤው ደስ ይለዋል። ባለቤቷ ግን ወደ ውጭ ሲወጣ የሰው ሁሉ ዐይን እርሱ ላይ ነው። የመሰከረችው ስለ እግዚአብሔር ነው፤ የተገለጠው ግን የባሏ ገመና ነው። በክፍላችን ያለው አንዱ ደንብ ከዚህ የመጣ ነው፦ ሁሉም ስለ ራሱ ይናገር። ስለ ሚስት፣ ስለ ባል፣ ስለ ልጅ፣ በተለይም በአጠገባችን ስለሌለ ሰው አንናገርም። ሁለተኛው ደንብ ስልክ አይቀዳም የሚል ነው። ይህ የተጋነነ የሚመስለው ሰው የአንድ ሰው የለቅሶ ምስክርነት ሙዚቃ ተጨምሮበት በየስልኩ ሲዞር አላየም ማለት ነው። ሦስተኛው ደንብ አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፦ እዚህ የሰማኸውን ነገር «የጸሎት ርእስ» ብለህ ለሌላ ኅብረት አታቀብል። ከዓመታት ልምድ የምናገረው ነው፤ ሐሜት የክት ልብሱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ «የጸሎት ርእስ» ተብሎ ነው የሚጠራው።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልምጣ። አንድ አስተማሪ «እግዚአብሔር በሕይወታችሁ ምን አደረገ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመለስለት የመድረኩ ምስክርነት በአነስተኛ ድምፅ ነው። ጥያቄው ራሱ «ሆነ» የሚል መጨረሻ ይጠብቃል። «እስቲ ከሕይወታችሁ ጋር አዛምዱት» የሚለውማ ከዚያ የባሰ ነው፤ ሰዎቹ ጫማቸውን ማየት ይጀምራሉ። እኔ የማነሣቸው ጥያቄዎች ጠበብ ይላሉ። «ከዚህ ምዕራፍ ለማመን የሚከብዳችሁ የትኛው ቁጥር ነው?» እላለሁ። «ከምትጸልዩት ነገር ገና ያልተመለሰው የትኛው ነው? አሁንም ትጸልያላችሁ ወይስ ተዋችሁት?» «መጸለይ ያስተማራችሁ ማን ነው? ቃሉስ ምን ነበር?» ይህ የመጨረሻው ወድቆ አያውቅም። አንዱ የወታደር አባቱን ያመጣል፤ አንዷ ሞግዚቷን። ጡረተኛው መምህራችን ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታን አመጡና አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ ሙሉውን ወረዱት። የክፍሉ ወጣቶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ጥያቄውን የምናገረው በሳምንቱ ቀደም ብዬ ነው፤ ድንገት ተጠይቆ ስለ ነፍሱ አሳምሮ የሚመልስ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ የለመደበት። በተራ ማናገርም አልወድም። ከዚህኛው ወንበር ጀምሮ «አንተ፣ ቀጥሎ አንቺ» እየተባለ ሲመጣ ተራው የቀረበው ሰው የሌላውን አይሰማም፤ የራሱን ያዘጋጃል። በእኛ ባህል ደግሞ ጋሼ ሳይናገሩ ወጣት አይቀድምም፤ ጋሼ ከተናገሩ በኋላም የሚጨምረው ነገር የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያወሩ አደርጋለሁ፤ ትልቅ ከትንሽ ጋር። ከዚያ በኋላ የፈለገ ለሁሉም ይናገራል። አማርኛ የሚከብደው በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ ይናገራል፤ የሚሰማው ጎረቤት አይጠፋም። ሰው በሚነግድበት ቋንቋ ሁልጊዜ አይጸልይም።

ዝም ሲባልስ? ዝም ይባላ። አስተማሪ ዝምታን ይፈራል፤ የራሱን ጥያቄ ራሱ መልሶ ይገላገላል። እኔ ዝም ሲሉ ዐይኔን መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ አደርጋለሁ፤ አፍጥጠው የሚያዩት ሰው አይናገርም። ማንም ካልተናገረም ወደ ንባቡ እንመለሳለን፤ ማንም ኪሳራ አልደረሰበትም።

የዘንድሮውን ትምህርት ከዮሐንስ ወንጌል ነው የያዝነው፤ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ለብዙ እሑድ ከዚያ አልተነሣንም። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ምዕራፉን ሙሉ ይጠየቃል። ጎረቤቶቹ ይጠይቁታል፤ ፈሪሳውያን ይጠይቁታል፤ ወላጆቹን ጠይቀው ተመልሰው እንደገና እርሱን ይጠይቁታል። መልሱን በተከታታይ ስታነቡት የሚገርም ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ «ኢየሱስ የሚባለው ሰው» ነው የሚለው፤ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ «ነቢይ ነው» አለ። ከዚያ ከእግዚአብሔር ባይሆን ኖሮ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር ብሎ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፥ አምናለሁ» ብሎ ሰገደ። ማለትም ሰውዬው አምኖ ጨርሶ አልመሰከረም። ሲጠየቅና ሲመልስ ነው እምነቱ እግር ያወጣው። እኛ ደግሞ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ካልሆነ አናናግርም።

በመካከሉ ሁለት ጊዜ «አላውቅም» ብሏል። «ያ ሰው ወዴት ነው?» ሲሉት አላውቅም አለ። ኃጢአተኛ ነው ብለው ሲያስጨንቁትም ያን አላውቅም፤ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዕውር ነበርሁ፤ አሁን አያለሁ አለ። ለእኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት ምስክርነቶች ሁሉ ንጹሑ ይህ ነው። ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም። በመድረክ ላይ እንደዚህ ያለ ሰው ቢቆም «ወንድሜ፣ እምነትህን አጠንክር» ተብሎ ማይክሮፎኑን የሚቀማ ይመስለኛል።

በዚያ እሑድ ያስተላለፍኩት ጥያቄ «ስለ እግዚአብሔር የምታውቁት አንድ ነገር ምንድን ነው? የማታውቁትስ?» የሚል ነበር። ከዓረብ አገር ከተመለሱት እህቶች አንዷ፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው፣ እጇን ሳታወጣ ነበር የጀመረችው። ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነበር፤ እሑድ የሚባል ቀን አልነበራትም። የምትጸልየው በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ነው። «ማዳም ከማን ጋር ነው የምታወሪው ትለኝ ነበር» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም ሳቀች። «ያኔ እግዚአብሔር እዚያ በረንዳ ላይ እንደ ነበር አውቃለሁ። ይህን ማንም አይነጥቀኝም። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። ግን አይሰማኝም። የት እንደ ሄደ አላውቅም።»

አንድ ወጣት ከልማድ የተነሣ «አሜን» አለና ራሱ ደነገጠ። ጋሼ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጥቅስ እንደ ያዙ ከፊታቸው ያስታውቃል። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ» አልኩና ወደ እርሷ ዞርኩ። «እህቴ፣ በረንዳው ላይ ምን ትዪ ነበር?» መቶ ሃያ አንደኛውን መዝሙር ነው አለች። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን። ከበረንዳው ተራራ ይታያል፤ በክረምት ጫፉ ነጭ ይሆናል። ተንጠልጥሎ የሚደርቀውን አንሶላ ገለጥ አድርጋ ተራራውን እያየች ትለው እንደ ነበር በእጇ አሳየችን። የመዝሙሩ መጨረሻ ስለሚጠፋባት ከመጀመሪያው እየመለሰች ትደጋግመዋለች።

ማንም አላጽናናትም፤ ማጽናናት በዚያ ሰዓት አፍ መዝጋት ይሆን ነበር። የሆነው ነገር የባንክ ሠራተኛው «የእኔም የጠፋው ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው» ማለቱ ነው። ዕቁብ ጥሎ፣ ብድር ወስዶ፣ ቤት ሊሠራ ሲሯሯጥ ጸሎቱ ዝርዝር ብቻ ሆነበት። አንዷ ልጅ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ጸሎት ስትጀምር እንደሚያንቀላፋት ተናገረች። ጋሼ በመጨረሻ ጥቅሳቸውን ተናገሩ፤ ጥቅሱም የማርቆስ ወንጌሉ አባት ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ የታመመበት፣ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው። ስለዚህ ጋሼን ስላስጠበቅኋቸው ይቅርታ ልጠይቅ ስል «አይ፣ ደግ አደረግህ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ነበር» አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች አንዱ ይህን ሰምተው ሊያነጋግሩኝ መጡ። ቅን ሰው ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ቅን ነው። «በክፍሉ ውስጥ አዲስ አማኞች አሉ። የቆየ ሰው አይሰማኝም ሲል ሰምተው ቢሰናከሉስ?» አሉኝ። አዲስ አማኝ የሚሰናከለው ምንም የማይሰማው ሰው በማየቱ ሳይሆን ሁሉም የሚሰማቸው መስሎት እርሱ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ሲያስብ ነው አልኳቸው። ሰማንያ ስምንተኛው መዝሙር በጨለማ እንደሚያልቅ፣ ያንን መዝሙር ደግሞ ከመጽሐፉ ያወጣው ሰው እንደሌለ አነሣሁ። የማርቆስ ወንጌሉ አባት አለማመኑን የተናገረው በሕዝብ ፊት እንደ ነበረ፣ ጌታም «መጀመሪያ አጥርተህ እመን» ብሎ ልጁን ሳይፈውስ እንዳልመለሰው ተጨዋወትን። ሙሉ በሙሉ ያሳመንኳቸው አይመስለኝም። በአንድ ነገር ግን ልክ ናቸው፦ ክፍሉ ሁሉን ነገር የሚሸከም ቦታ አይደለም። በቤቱ ድብደባ ያለበት ሰው፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው በክበብ ተቀምጦ ታሪኩን እንዲዘረዝር አይጋበዝም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጉዳይ በር ዘግቶ የሚያዳምጥ፣ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ እንደ እኔ ያለ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪም መንገዱን ከማሳየት ማለፍ የለበትም። የጊዜያችንንም ግማሽ ለንባቡ አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው። ሰው ብቻ የሚናገርበት ትምህርት ቀስ በቀስ ጨዋታ ይሆናል፤ ጨዋታ መጥፎ አይደለም፤ ለእርሱ ግን ቡና አለ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማዝንላቸው ሌሎች ወገኖች አሉ፤ እነርሱም በቤተ ክርስቲያን የተወለዱት ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ከአንድ ነገር ወጥተው ወደ ሌላ ገብተዋል፤ ተሰደዋል፤ ተደብድበዋል፤ ስለዚህ ታሪክ አላቸው። ልጆቹ ግን የመድረኩን ምስክርነት ቅርጽ የሚሞላ ነገር አያገኙም። አንዱ «እኔ ከምን ወጣሁ ልበል? ከሕፃናት ክፍል ወደ ወጣቶች ኅብረት ነው የወጣሁት» ብሎ አስቆናል። ከቀልዱ በታች ግን እምነቱ የውሸት እንደ ሆነ የሚጠረጥር ሰው አለ። ለእነዚህ የማቀርበው ጥያቄ «እንዴት መጣህ?» የሚለውን ትቶ «ለምን አልሄድክም?» የሚል ነው። ጓደኞችህ ሲተዉ አንተ ምን ያዘህ? አንዳንዱ እናቱን ይላል። አንዳንዱ መዝሙሩን ይላል። አንዷ «ለመሄድ ተነሥቼ ነበር፤ የምሄድበት ቦታ ላይ ይህን ያህል የሚያውቀኝ ሰው አጣሁ» አለች። ይህ ምስክርነት ካልተባለ ሌላ ምን ይባላል?

ምዕራፉን ልንጨርስ ስንል የተጣበቅንበት ስለ ዕውሩ ወላጆች የሚናገረው ቦታ ነው። ልጃቸው እንደ ሆነና ዕውር ሆኖ እንደ ተወለደ አምነው፣ እንዴት እንዳየ ግን አናውቅም፤ ሙሉ ሰው ነውና እርሱን ጠይቁት አሉ። ዮሐንስ ምክንያቱን ጽፎታል፤ የመሰከረ ሰው ከምኩራብ እንዲወጣ አይሁድ ተስማምተው ስለ ነበር ፈርተው ነው። እዚህም «አላውቅም» ተብሏል፤ የልጁ «አላውቅም» ግን ከፍርሃት የመጣ አልነበረም። ወጣቶቹ በወላጆቹ ላይ ፈረዱባቸው። ጉልት የሚቸረችሩት እናት ግን ተቆጡ። «ከምኩራብ መውጣት ለእናንተ ምን ይመስላችኋል? ከዕድር መውጣት ነው!» አሉ። እርሳቸው ባደጉበት አካባቢ ጴንጤ የሆነ ሰው ሲሞት መቃብር ተከልክሎ ቤተሰቡ ሬሳ ይዞ የዞረበትን ጊዜ ያውቃሉ። ድንኳን የሚተክል፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ሬሳ የሚሸከም ጎረቤት ማጣት ምን እንደ ሆነ ለልጆቹ በዝርዝር ነገሯቸው። «ሌሎች ልጆች ቢኖሯቸውስ? ማን ይቀብራቸዋል?» አሉ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የአምልኮው ደወል ተደውሎም ክርክሩ በኮሪደሩ ላይ ቀጠለ።

ስለዚህ ወላጆቹን ለመጪው እሑድ አቆይተናቸዋል። ጥያቄውንም እንደ ልማዴ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ «እምነታችሁን መናገር ሲገባችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን ምን አጣችሁ? ምንስ አተረፋችሁ?» ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡትና ሁለተኛው ይጥፋ አሉ። «ዝምታ ትርፍ አለው ብለን ልናስተምር ነው እንዴ? ይሰናከሉበታል።»

እማማ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ በሩ ይሄዱ ነበር፤ ዞር አሉ።

«ይቆይ፤ አታጥፋው» አሉኝ። «እኔ የምመልሰው እርሱን ነው።»